ትርንጎ እጇን ያወጣችባቸው ሁለት ቀናት

ትርንጎዬ፤

ከተለየሽኝ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። ያለፈው እንዴት እንዳለፈ አላውቀውም። ሰው ሲገባና ሲወጣ፣ ድንኳኑ ሲተከልና ሲነቀል፣ ዝናቡን አየሁት ለማለት አልደፍርም። የዘንድሮውን ግን ከጉና ተራራ በኩል ጠቁሮ ሲመጣ በረንዳው ላይ ብቻዬን ተቀምጬ አየዋለሁ። አንቺ ክረምት አትወጂም። ድሮ ትወጂ ነበር፤ ኋላ ነው የጠላሽው። ለምን እንደጠላሽው እኔ አውቃለሁ፣ የትውልድ መንደርሽ የቀጨሞም ሰው ያውቃል፤ ሌላው ግን እየረሳው ነው። በየስብሰባው ስምሽን የሚያነሱ ሰዎች ደጉን ደጉን ብቻ ያወራሉ። እሱን ስሰማ ነው ልጻፍላት ያልኩት።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ቤዛ ወለደች። ሴት ናት፤ ግንባሯ ያንቺው ነው፣ ስትቆጣም ያንቺው ነው። ዘመድ ሁሉ ትርንጎ በሏት ብሎ ነበር። ቤዛ እንቢ አለች። «ልጄን በእናቴ ስም ጠርቼ ልቆጣት አልችልም» አለችን፤ ሳቅንም አለቀስንም። ለምክር ቤት ጉባኤ ስትዘጋጂ ወረቀትሽን ዘርግተሽ የምታነቢባት ትንሿ ክፍል አሁን የሕፃኗ ናት። ጠረጴዛሽን ወደ ሳሎን አወጣነው፤ ዳይፐርና ጡጦ ተደርድሮበታል፤ ብታይው ደስ ይልሽ ነበር። እኔ ጡረታ ወጣሁ። ሂሳብ የማስተምረው ሰው አጥቼ የጎረቤት ልጆች የቤት ሥራ ሲሠሩ አጥር ላይ ሆኜ አርማለሁ። የባጃጆቹ ተራ በራችን ድረስ መጥቷል፤ ጡሩምባው አያስተኛም። ወደ ባሕር ዳር ድሮ አንቺ ለጉባኤ እንደምትሄጂው ብድግ ተብሎ አይኬድም፤ መንገዱ እንዴት ነው ብለን ጠያይቀን ነው የምንወጣው።

አሁን ደግሞ ያንቺን።

የሚያነብ ሰው ቢኖር፣ ትርንጎ ማለት የቀጨሞ ልጅ፣ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ፣ በኋላም በሁለት ምርጫ ዘመን የክልል ምክር ቤት አባል የነበረች ሴት ናት ብዬ እጀምርለታለሁ። ዕጩ ይመረጥ ተብሎ በቀጨሞ ትምህርት ቤት ግቢ ስብሰባ የተጠራ ቀን እኔም ከደብረ ታቦር መጥቼ ከኋላ ቆሜ ነበር። ከወረዳ የመጡት ሰዎች ሴት ዕጩ ያስፈልጋል አሉ።  አንቺ ከተማሪዎችሽ ጋር ዛፉ ሥር ተቀምጠሽ መሬት መሬት ታያለሽ። ያኔ ዘለቀ ተነሣ። ዘለቀን ማንም ያውቀዋል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ዱላውን መሬት ላይ የሚተክል ገበሬ።

«እኛ የምናውቀው ሰው ነው የምንፈልግ» አለ። «ይቺ ልጅ ልጆቻችንን ሀ ሁ አስቆጥራለች። ልጄን ለእርሻ ያስቀረሁት ቀን ቤቴ ድረስ መጥታ ተቆጥታኛለች። እኔን የተቆጣች ሹሙን መቆጣት አያቅታትም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አንቺም ነጠላሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ሳቅሽ። ከሣቁ በኋላ እጅ ሲወጣ ያልወጣ እጅ አላየሁም። ማታ ከስብሰባው ስንመለስ «ሰዎቹ የመረጡኝ ስለምቆጣ ነው፤ እስከመቼ ልቆጣ ነው?» ብለሽኝ ነበር።

የመጀመሪያው ዘመንሽ ጥሩ ነበር። ጉባኤው በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው የሚጠራ፤ የቀረውን ጊዜ ደብረ ታቦር በተዛወርሽበት ትምህርት ቤት ክፍልሽ ውስጥ ነሽ። ጉባኤ ሲደርስ ከእራት በፊት ሳሎን ውስጥ ልምምድ እናደርጋለን። እኔ አፈ ጉባኤ እሆናለሁ፣ በጭልፋ ጠረጴዛውን እመታለሁ። አንቺ ተነሥተሽ «የተከበሩ አፈ ጉባኤ» ብለሽ ድምፅሽን ታስተካክያለሽ። ያኔ ቤዛ ከጓዳ «የተከበሩ ወይዘሮ ትርንጎ፣ ሽሮው ገነፈለ!» ብላ ትጮኻለች። ለሩቅ ቀበሌዎች መምህራን ይመደቡ ብለሽ ተናግረሽ፣ በዓመቱ ሁለት ወጣቶች ሻንጣቸውን በአህያ ጭነው ቀጨሞ ሲገቡ፣ መንደሩ እንደ ሙሽራ ነበር የተቀበላቸው። ዘለቀ አንዱን ቤቱ አሳደረው። ደብረ ታቦር ገበያ የመጣ የቀጨሞ ሰው ሁሉ ጉዳዩን ለመንገር ቤታችን ጎራ ይል ነበር፤ አንዳንዱም ጉዳይ የለውም፣ አንቺን ለማየት ብቻ ነው። ያን ጊዜ ደስተኛ ነበርሽ። ሰውን መጥቀም ይኸን ያህል ቀላል ነው ብለሽ አስበሽ ነበር መሰለኝ።

አዲስ ወረዳ ይቋቋማል የተባለው በሁለተኛው ዘመንሽ ነው። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የቆየው ወረዳ ሰፊ ነበር፤ ሲከፈል ለብዙ ሰው መንግሥት ይቀርበዋል። ችግሩ ቀጨሞና ጎረቤቶቿ ነበሩ። እነሱ ከጥቁር ውሃ ወዲህ ናቸው፤ የአዲሱ ወረዳ መቀመጫ የተባለችው አዲስ አምባ ደግሞ ከወንዙ ማዶ። በበጋ ጥቁር ውሃ ድንጋይ ነው፤ ጫማ ሳይወልቅ ይሻገሩታል። በክረምት ግን ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ሁሉ በእሱ ነው የሚያልፈው፤ ድልድይ የለውም። ድሮ የቀጨሞ ሰው ጉዳይ ሲኖረው ሸንተረሩን ተከትሎ ደብረ ታቦር ይመጣ ነበር። ይርቃል፣ ግን ውሃ የለበትም። ካርታውን ያወጣው ሰው በበጋ መጥቶ አይቶት ይሆናል።

ረቂቁ የደረሳችሁ በጉባኤው ጠዋት ነበር። የቀጨሞን ስም ከዝርዝሩ ውስጥ ስታገኚው፣ ደውለሽ «ይኸን ረቂቅ ወንዙን የሚያውቅ ሰው አላየውም፤ እጠይቃለሁ» አልሽኝ። እኔም «ጠይቂ» አልኩሽ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ስትመለሺ ነው። ጫማሽን ሳታወልቂ ሶፋው ላይ ተቀመጥሽ።

«ጸደቀ?» አልኩሽ።

«በሙሉ ድምፅ» አልሽ።

«ያንቺስ ጥያቄ?»

«እጄን አውጥቼ ተራዬን ስጠብቅ ሰዓት ሄዶ ነበር፤ ውይይቱ በቂ ነው ተባለ። የምትደግፉ ሲባል በቀኜ ያለው አወጣ፣ በግራዬ ያለችው አወጣች። ፊት ለፊቴ ያሉት እጆች ሁሉ ወጡ። የኔም ወጣ።» ነጠላሽን ከትከሻሽ አውርደሽ «ማንም አላስገደደኝም» አልሽ። «ሌላው ቢቀር ዝቅ አድርጌው ብቀመጥ ማን ያየኝ ነበር?»

በኋላ ወረዳው ሲመረቅ አዲስ አምባ ላይ በሬ ታረደ፣ እልል ተባለ። አንቺንም ከፊት አስቀመጡሽ። ቀጨሞዎችም ከበዓሉ ነበሩ፤ ጥር ነበር፣ ወንዙን እየተጫወቱ ነው የተሻገሩት። ያን ቀን አንድ ሰው እንኳ ቅር አላለውም። ምናልባት ቀላል ይሆናል ብለሽ ተጽናናሽ። እኔም ተጽናናሁ።

ዘለቀ በዚያው ክረምት በድንበር ጉዳይ ከጎረቤቱ ጋር ይሟገት ነበር። ድሮ ቢሆን ፍርድ ቤቱ ደብረ ታቦር ነው፤ አሁን አዲስ አምባ ሆኗል። ቀጠሮው የዋለው፣ አዲሱ ፍርድ ቤት ያን ዓመት ለክረምት ስላልተዘጋ፣ ነሐሴ ላይ፣ ቡሄ በዋለ በሳምንቱ ነው። ያን ጠዋት ከወንዙ ዳር ሌሎችም ሰዎች ነበሩ፤ ውሃው እስኪጎድል እንቆይ አሉት። ባይቀርብ መዝገቡ ይዘጋበታል። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» አላቸው፤ ይኸን እኮ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ተረት ነው። ልብሱን ጭንቅላቱ ላይ ጠቅልሎ፣ ዱላውን እየተከለ ገባ። መሐል ሲደርስ ዱላው ለብቻው ሲሄድ አዩት። እሱን ያገኙት ከብዙ ፍለጋ በኋላ፣ ወንዙ ሰፋ ብሎ ከሚተኛበት ከታች፣ ከቁጥቋጦ ሥር ነው።

ለለቅሶው አብረን ነው የሄድነው። በሸንተረሩ በኩል፣ በጭቃው፣ እጅሽን ይዤሽ። ድንኳኑ ጋ ስንደርስ ሰው ቦታ ለቀቀልን፤ እንደ ሁልጊዜው «መምህርት መጣች» እየተባለ። የሺ፣ የዘለቀ ባለቤት፣ ከል ለብሳ መሐል ቆማ ነበር። አብራችሁ ነው ያደጋችሁት፣ አብራችሁ ነው እንጨት የለቀማችሁት። ልታቅፊያት ስትሄጂ እጇን ዘርግታ አቆመችሽ። 

«አንቺ እጅሽን ያወጣሽለት ወረዳ የኔን ሰው ውሃ ውስጥ ከተተው» አለችሽ።

አልጮኸችም። ቢጮኹ ይሻላል። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አንድም ሰው «ኧረ ምነው፣ የሺ» አላላትም። አንቺ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ከድንኳኑ ጥግ፣ ከውጭ በኩል፣ ዝናቡ በሚነካሽ ቦታ ተቀመጥሽ፤ ቀብሩ እስኪያበቃ አልተነሣሽም።

በመንገድ ላይ «ውሃውን አንቺ አላመጣሽውም» አልኩሽ። ባልሽ ነኝ፣ ሌላ ምን እላለሁ?

«ውሃውን አላመጣሁትም» አልሽ። «ሰውየውን ግን ወደ ውሃው የመራሁት እኔ ነኝ። እሱ ተነሥቶ ሲናገርልኝ አይተሃል እኮ።»

ከዚያ ወዲያ ሳሎን ውስጥ አልተለማመድሽም። የሚቀጥለው ጉባኤ የተጠራ ጊዜ ወረቀት ሳትይዢ፣ ቁርስ ሳትቀምሺ ነው የሄድሽው። ምን ልታደርጊ እንደሆነ አልነገርሽኝም፤ እኔም አልጠየቅሁሽም። ጉባኤው በቴሌቪዥን እንደሚተላለፍ ስለማውቅ ከባጃጅ ተራው አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ገባሁ። ልጆቹ ኳስ ያያሉ። ባለቤቱን ለምኜ አስቀየርኩት፤ አጉረመረሙ። የአዳዲስ ወረዳዎች ሪፖርት እየተነበበ ነበር፤ ይኸን ያህል ቢሮ ተከፈተ፣ ሕዝቡ ረክቷል። ከዚያ አስተያየት ሲጠየቅ ስምሽ ተጠራ። ነጭ ነጠላሽን ለብሰሽ ተነሣሽ፤ ማይክራፎኑን ሁለት ጊዜ ነካሽው።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ» አልሽ፤ ድምፅሽ ቀጥ ያለ ነበር። «ሪፖርቱ ሕዝቡ ረክቷል ይላል። በእኔ ምርጫ ክልል ያለው ሕዝብ አልረካም። አንድ ሰው ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲሄድ ወንዝ ወስዶታል። ወንዙ መኖሩን እኔ አውቅ ነበር፤ እያወቅሁ እጄን አውጥቻለሁ። ተሳስቻለሁ። ዛሬ የምጠይቀው እነዚያ ቀበሌዎች ወደነበሩበት እንዲመለሱ፣ ካልሆነም ድልድይ ሳይሠራ በክረምት ማንም ወንዝ ተሻግረህ ቅረብ እንዳይባል ነው።»

 አንዱ ባጃጅ ነጂ ብርጭቆውን እንደያዘ «ይቺ ሴትዮ ማናት?» አለ።

«ባለቤቴ ናት» አልኩት።

ዞሮ አየኝ፣ ከዚያ ብድግ ብሎ ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋልኝ።

መልሱን አብረን ሰማን። አስተያየቱ ጠቃሚ ነው፣ በሚመለከተው አካል ይታያል። ሪፖርቱ ለድምፅ ቀረበ። የምትደግፉ፤ የእጅ ጫካ። የምትቃወሙ፤ ካሜራው ዞሮ ዞሮ አንቺ ላይ ቆመ። አንዲት እጅ። ብቻዋን ስትወጣ ቀጭን ነበረች፤ የአንደኛ ክፍል ልጅ «መምህር፣ እኔ!» ሲል እንደሚያወጣት። ሳታወርጃት ብዙ ቆየሽ፤ ቆጥረው እንኳ ከጨረሱ በኋላ አላወረድሻትም። «በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» ተባለ። ኳሱ ተመለሰ። የሻዬን የከፈለው ያ ባጃጅ ነጂ ነው።

ከዚያ በኋላ ማንም ክፉ አልተናገረሽም። ያ ነው የሚገርመኝ። በአክብሮት ነው የተለዩሽ። የሚቀጥለው ምርጫ ሲደርስ «አገልግለሻል፣ አሁን ዕረፊ» ተባልሽ፤ ዕጩው ሌላ ሰው ሆነ። ክፍልሽ ግን ጠበቀሽ። ከሀ ሁ ጀመርሽ እንደገና። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ቢሮ ለቢሮ ትዞሪ ጀመር። ድሮ ከመቀመጫዋ ተነሥታ የምታስገባሽ ጸሐፊ አሁን አግዳሚው ላይ ታስጠብቅሽ ነበር። ወረዳው ይመለስ ማለትሽን ቀስ በቀስ ተውሽው፤ አይሆንም ተብለሽ ተስፋ ቆረጥሽ። አንድ ነገር ብቻ ያዝሽ፤ ቢያንስ በክረምት ዳኛው ወንዙን ተሻግሮ ወደ ሰዎቹ ይምጣ። ተዘዋዋሪ ችሎት። «ዳኛው በቅሎ አለው፣ መኪና አለው። ዘለቀ ዱላ ነበር ያለው» ትዪ ነበር።

በዚያው መሐል ሽማግሌ ይዘሽ የሺ ቤት ሄድሽ። አብሬሽ ነበርኩ። እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ ትከሻሽ ላይ አድርገሽ ደጇ ላይ ጎንበስ አልሽ። ሽማግሎቹ ለመኑ፤ ስለ ሚካኤል አሉ። የሺ ወጥታ ድንጋዩን ከትከሻሽ አነሣችልሽ፤ እኔ ያኔ አለቀ ብዬ ነበር። እሷ ግን ድንጋዩን እንደያዘች ቆመች።

«ሸክሙ ይብቃሽ» አለችሽ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ። እኔም አንድ ቀን እልሻለሁ። ዛሬ ግን ከሆዴ አልወጣም። ሳይወጣ ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል።»

ሽማግሎቹ ተቆጡ። አንቺ ዝም አሰኘሻቸው። ስንመለስ «እውነተኛ ሰው ናት» አልሽኝ። «ብትዋሸኝ ይቀለኝ ነበር፤ ግን አይበቃኝም ነበር።» ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ለሚካኤል ቀጨሞ ስትሄጂ ሰላም ትባባላላችሁ፤ አንቺ ትጠብቂያለሽ፣ እሷም መጠበቅሽን ታውቃለች። ቃሉ ግን አልመጣም።

ችሎቱ እንደሚፈቀድ ወሬ የሰማሽው ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነበር። ሰው «ሊሆን ነው» አለሽ፤ አንቺ ግን «በዓይኔ ሳላየው አላምንም» ብለሽ በማግስቱ ልትሄጂ ተነሣሽ። የደም ግፊት መድኃኒትሽን ቁርስ ላይ ነበር የምትወስጂ። ቁርስ ቀርቦ ነበር፤ አልቀመስሽውም። ጫማሽን እያሠርሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ «ራሴን አዞረኝ» አልሽ። ቤዛ ውሃ ይዛ እስክትመጣ አልቆየሽልንም። ሆስፒታል ወሰድንሽ፤ የወሰድነው ግን አንቺን አልነበረም።

የት ትቀበር ሲባል፣ ቀጨሞ አትውሰዱኝ፣ የዘለቀ ቤተሰብ መቃብሬን አልፎ እንዳይሄድ ብለሽ አንድ ቀን ስትናገሪ ሰምቼሽ ስለነበር፣ እዚሁ ደብረ ታቦር አሳረፍንሽ። ቃልሽን ጠበቅሁ። እስከ ዛሬ ግን ይቆጨኛል። ምክንያቱም ቀብርሽ ላይ ቀጨሞ ሙሉ መጣ። በአይሱዙ ተጭነው፣ የተረፈው በእግሩ። ትልልቅ ሽማግሎች፣ ያስተማርሻቸው አሁን ልጅ ያላቸው ሴቶች። «ለምን ከአገሯ ለያችኋት?» ብለው ጠየቁኝ።  አንቺ ሰዎቹ የተውሽ መስሎሽ ነበር የኖርሽው፤ እነሱ ደግሞ አልተዉሽም ነበር። ይኸን ማንም በጊዜው አልነገረሽም። እኔም አላወቅሁትም።

የሺ ቀብርሽ ላይ አልነበረችም። ዙሪያዬን አይቼ አጣኋት፤ አልፈረድኩባትም።

ለአርባሽ ድንኳን ተክለን፣ ካህናቱ ጸሎት አድርሰው፣ ሰው እየበላ ሳለ ብቻዋን መጣች። ድፎ ዳቦ በአገልግል ይዛ፣ ከልዋን አውልቃ፣ ነጭ ለብሳ። መሐል አልገባችም። እኔ ወደ እሷ ሄድኩ።

«መምህር» አለችኝ፤ «ፋሲካ ሳምንቱን ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሳለሁ ወጣልኝ።»

«ምኑ?» አልኳት።

«ከሆዴ ወጣልኝ። ክረምቱ ሳይገባ ደብረ ታቦር ወጥቼ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ገብሱን ዘርቼ፣ አጥሩን ጠግኜ ብዬ... ሥራ ያዘኝ።» ዓይኖቿ ሞሉ። «አሁን ለማን ልንገረው?»

ለእኔ ነገረችኝ። ቃሉን ሁሉ ነገረችኝ፤ እኔም ይኸው ለአንቺ ነገርኩሽ። ዘግይቷል። ፋሲካ ሳምንቱን ወጥቶላት አንቺ ደግሞ ገና በሕይወት ነበርሽ። በመሐላችሁ የነበረው የገብስ ማሳና የአጥር ሥራ ብቻ ነው። ይኸን ሳስብ የሚያመኝን ያህል ሌላ ምንም አያመኝም። የሺም ይኸንኑ ይዛ ነው የምትኖረው። እሷን የማጽናናው እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ እሷ ግን ስትመጣ የሕፃኗን እግር ይዛ ትጫወታለች።

ችሎቱ በዚያው ሐምሌ ተጀመረ። ዳኛውና ጸሐፊው በመኪና በደብረ ታቦር ዞረው በሸንተረሩ በኩል ቀጨሞ መጥተው ከገበሬዎች ማሠልጠኛው አዳራሽ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ቀን ሄጄ ነበር። ሰው ደጁ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ አንዳንዱ ጉዳይ ሳይኖረው ለማየት ብቻ መጥቶ ነበር። የዘለቀ የድንበር ክርክርም እንደገና ተከፍቶ እዚያው ታየ። የሺና ጎረቤቷ ብዙ ሳይከራከሩ ተስማሙ፤ ድንበሩን ከመሐል አደረጉት። ጎረቤትየው ሲወጣ «ይኸን ያኔ ብናደርገው ኖሮ» ብሎ አለቀሰ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ «ያኔ» ያላለ ሰው አልነበረም።

ዘንድሮ የቀበሌው ሰዎች ያን አዳራሽ በስምሽ ልንሰይመው ነው ብለው ወደ እኔ መጡ። ደስ አለኝ፤ ላንቺም ክብር ነው። ግን «የሺን ጠይቁ» አልኳቸው። አብረን ሄድን። የሺ ድንች እየላጠች አዳመጠቻቸው፤ ጨርሰው ሲያበቁ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ስሙ ይቆይ፤ ድልድዩ ይምጣ» አለች። «አሁንም እኮ ለመታወቂያ፣ ለሐኪም፣ ለማዳበሪያ ወንዙን እየተሻገርን ነው። እሷ ብትኖር ስሜን ለጥፉልኝ ትል ነበር?»

 እኔ ሣቅሁ፤ ከሞትሽ ወዲህ ከልቤ የሣቅሁት ያን ቀን ነው። አንቺ የተናገርሽ መሰለኝ።

እና እንዲህ ተስማማን። መስቀል ሲያልፍ፣ የሸንተረሩ ጭቃ ሲደርቅ፣ የሺ፣ እኔና ከቀጨሞ የሚመረጡ ሽማግሎች ሆነን ድልድዩን ልንጠይቅ እዚሁ ደብረ ታቦር ዞን ቢሮ እንሄዳለን። ዋናዋ ተናጋሪ የሺ ናት። እኔ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ንግግር ላንቺ ነበር የተሰጠው። እሷ ግን ትችላለች። አንድ ቀን ሳሎናችን ውስጥ አስቆሜ አለማመድኳት፤ ቤዛ ልጇን ታቅፋ እያየችን ሳቀች፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች።

ትርንጎዬ፣ ሰዎች ስላንቺ ሲጠይቁኝ ተሳስተሽ እንደነበር እነግራቸዋለሁ። መልካሙን ብቻ ባወራ ሌላ ሴት መፍጠሬ ነው፤ እኔ ደግሞ ያገባሁት አንቺን ነው። ልጂቱ ስታድግ አያቷ ከሁሉም ጋር እጇን አውጥታ እንደነበር፣ ከዚያም ብቻዋን እንዳወጣች፣ ሁለቱንም ከእኔ ትሰማለች። የምክር ቤት አባል ሆኖ መኖር ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ የለኝም።

የቀረውን ደግሞ በእግሬ አደርገዋለሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ደረጃ ሲያወጡኝ ልብ ልቤን ይለኛል። ግን የሺ ፊት ፊት ትሄዳለች። በር ላይ አቁመው «ነገ ኑ» ቢሉን፣ በማግስቱ ጠዋት እዚያው በር ላይ ያገኙናል። እስካለሁ ድረስ አንቺን ማስታወስ ለእኔ ይኸ ነው።

በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ዕረፊ፤ ስለ እኛ አታስቢ።

ባልሽ